ጋዙ የት ሄደ? የመኪና ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው



የመኪና ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል ከባለቤቱ አፍ ቶሎ የሚወጣው «ጋዝ ሙላልኝ» የሚል ቃል ነው። ብዙ ጋራዥም ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ሲሊንደሩን ያመጣል፣ ይሞላል፣ ሂሳቡን ይቀበላል። መኪናው ለጥቂት ሳምንታት ይቀዘቅዝና ወደ ነበረበት ይመለሳል። ባለቤቱም «ጋዙ አለቀ» ብሎ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ ይህን «አለቀ» የሚለውን ነገር ከእናንተ ጋር ልመረምረው እፈልጋለሁ። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ መስመር ውስጥ ሲዞር የሚኖር ነገር ነው። ጎደለ ማለት በአንድ በኩል ወጣ ማለት ነው፤ የወጣበት ቀዳዳ ሳይገኝ መሙላት ደግሞ ጥገና ሊባል አይችልም። ከዚህም ሌላ፣ አልቀዘቅዝ ብለው ጋራዥ ከሚገቡ መኪኖች ብዙዎቹ ሕመማቸው ከጋዝ ጋር ጨርሶ አይገናኝም።

ነገሩ የቅንጦት ጉዳይ የሚመስለው ካለ ከአዋሽ በታች ይውረድ። አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ባይሠራ መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ ላይ ግን በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ በመስኮት የሚገባው አየር ራሱ የሚለበልብ ነው። በዚያ ሙቀት ከባድ መኪና ይዞ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው ሐሳቡ ይበታተናል፣ እንቅልፍ ይጫነዋል፣ እጁ ይዘገያል። የእሱ ድካም ከፊት ለፊት የሚመጣውን አውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ የሚመለከት ነው። ስለዚህ የኤሲ ጥገና ከፍሬን ጥገና ቀጥሎ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንያዝ፤ እሱን የያዘ ሰው ብልሽቱን ለመፈለግ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ኤሲ ብርድ አያመርትም። የሚሠራው ሥራ ሙቀትን ከውስጥ አንስቶ ውጭ መጣል ነው። መርፌ ከመወጋታችን በፊት ነርሷ ክንዳችንን በአልኮል ስትጠርገው ቀዝቀዝ ይለናል፤ አልኮሉ ሲተን ሙቀቱን ከቆዳችን ላይ ስለሚወስድ ነው። በመኪናው ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። በአብዛኞቹ መኪኖቻችን ውስጥ ያለው አር-134ኤ የሚባለው ጋዝ በባሕር ወለል ላይ ግፊት ካልተጫነው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ ያሞቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭ አየር አስረክቦ ጋዙን ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ማድረቂያው እርጥበቱንና ቆሻሻውን ይይዛል፤ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ፈሳሹን በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ፈሳሹ እየፈላ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል።

ሁለት ቁጥሮች በአእምሯችሁ ያዙልኝ። ዝቅተኛው መስመር ላይ የግፊት መለኪያው ጌጅ 30 ፒኤስአይ ሲያሳይ ጋዙ ኢቫፖሬተሩ ውስጥ የሚፈላው በዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍተኛው መስመር ላይ 200 ሲያሳይ ደግሞ ኮንደንሰሩ ውስጥ ጋዙ ወደ ፈሳሽ የሚለወጠው በ55 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ብቻ ነው የሚሄደው። የውጭው አየር 42 ዲግሪ ሲሆን የ55 ዲግሪው ኮንደንሰር ሙቀቱን መጣል ይችላል፤ ግን ልዩነቱ ጠባብ ነው። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላይ ድክመቱን ደብቆ የኖረ ኤሲ አፋር ሲወርድ ጉዱ የሚታየው። ኤሲው መንገድ ላይ የተበላሸ ይመስለናል፤ እሱ ግን ከመነሻው ታሞ ነበር።

እንግዲህ ፍተሻው ከየት ይጀምር? ከመቀመጫችሁ። ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት አየሩ በኃይል ይወጣ እንደሆነ እዩ። ቀዝቃዛ ነው ግን እስትንፋስ ያህል ብቻ ነው የሚወጣው ካላችሁ፣ ጋዙን ተዉትና የአየር ማጣሪያውን ፈልጉ። በብዙ ዘመናዊ ቶዮታዎች ላይ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን ጀርባ ነው፤ ሳጥኑን በእጅ ነቅሎ ማውጣት ይቻላል። በአቧራ መንገድ የሚሠራ መኪና ማጣሪያው ቀለሙ ጠፍቶ፣ ቅጠልና ላባ ሳይቀር ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል። መኪናው ሲገዛ ጀምሮ ያልተቀየረ ማጣሪያ አውጥቶ የሚገረም ባለቤት ብዙ ነው። ቀጥሎ የውስጡን አየር የሚያዞረውን ቁልፍ ተጫኑ። እሱ ካልተጫነ ኤሲው የ40 ዲግሪ የውጭ አየር እየሳበ ከባዶ ይለፋል፤ ሲጫን ግን አንድ ጊዜ የቀዘቀዘውን አየር መልሶ ያቀዘቅዛል። በረጅም መንገድ አልፎ አልፎ ወደ ውጭ አየር መመለስ አትርሱ፤ ሰው የሞላበት ዝግ መኪና አየሩ ይከብዳል።

ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። ኤሲው ሲበራ የኮምፕሬሰሩ የፊት ሳህን ከፑሌጃው ጋር «ጠቅ» ብሎ መያያዝና አብሮ መዞር አለበት። እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምር። ኤሲ ከፋብሪካ የተገጠመለት የመጀመሪያው መኪና አሜሪካዊው ፓካርድ ነው፤ የ1940 እ.ኤ.አ. ሞዴል። ኮምፕሬሰሩ ክላች አልነበረውም። ኤሲውን ለማጥፋት ሞተር አጥፍቶ፣ ኮፈን ከፍቶ፣ ቺንጋውን መፍታት ግድ ነበር። ዛሬ ያን ሥራ የክላቹ ማግኔት በቅጽበት ይሠራዋል፤ ስለዚህ ማግኔቱ ካልያዘ ቀሪው ሁሉ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ቅዝቃዜ የለም። ሳህኑ ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌዩን፣ ወደ ማግኔቱ የሚሄደውን ሽቦ በቴስተር ለኩ። ኤሌትሪክ እየደረሰው ካልያዘ ጥቅልሉ ተቃጥሏል፣ ወይም በሳህኑና በፑሌጃው መካከል ያለው ክፍተት በእርጅና ሰፍቷል። ያ ክፍተት ከግማሽ ሚሊሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም፤ ሲሰፋ ጠዋት በብርድ ይይዝና ሞተሩ ሲግል ይለቃል። ኤሌትሪኩ ከነጭራሹ የማይደርሰው ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ የግፊት ስዊቹ ሆን ብሎ ቆርጦት ሊሆን ይችላል። መስመሩ ባዶ ሲሆን ኮምፕሬሰሩን ከመንከስ የሚያድነው እሱ ነው። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ኮምፕሬሰሩን በግድ ማስነሳት በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው፤ እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ነው የሚዞረው። ጋዝ ከሌለ ዘይት አይመለስም፤ ዘይት ያልደረሰው ኮምፕሬሰር ፈጭቶ፣ የብረት ብናኙን በመስመሩ ሁሉ ረጭቶ ነው የሚሞተው። ከዚያ በኋላ ኮምፕሬሰር ብቻ ቀይሮ መገላገል የለም፤ መስመሩ መታጠብ፣ ማድረቂያው መቀየር፣ አብዛኛውን ጊዜም ኮንደንሰሩ መቀየር ይኖርበታል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ማግኔት ጨርሶ የለም፤ ኮምፕሬሰሩ ሁልጊዜ ይዞራል፣ መጠኑን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ነው። እነዚያን በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም።

አሁን አንድ መኪና ቀረብ ብለን እንይ። ኮሮላ ነው። ባለቤቱ «በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስነዳ በረዶ ነው፤ ከተማ ገብቼ መብራት ላይ ስቆም ይሞቃል» ይላል። ጋዝ አስጨምሮበታል፤ ባሰበት። ጌጁን ስናስገባ መኪናው በሚኒሞ እየሠራ ከፍተኛው መስመር 200ን፣ 250ን፣ 300ን አልፎ መውጣቱን ይቀጥላል። ከኮንደንሰሩ ፊት አንድ ጆግ ውኃ ስናፈስበት መርፌው ዓይናችን እያየ ቁልቁል ይወርዳል፣ ውስጥ የሚወጣው አየርም ይቀዘቅዛል። ይህ ሁሉን ነገር ተናገረ። ጋዝ አለ፣ ኮምፕሬሰር አለ፤ የጠፋው ነፋስ ነው። መኪናው ሲሮጥ መንገዱ ነፋስ ይሰጠዋል፤ ሲቆም የሚሰጠው ፋኑ ነው። የኮንደንሰሩ ፋን ሶኬት ሲነቀል ከሁለቱ እግሮቹ አንዱ ቡናማ ሆኖ ፕላስቲኩን አቅልጦታል። በሶኬትና በጥቂት ሽቦ የሚያልቅ ሥራ ነበር። የተጨመረው ጋዝ ግን ትርፍ ስለነበር ግፊቱን ከፍ አድርጎ ኮምፕሬሰሩን ሲያደክመው ከርሟል። የውኃውን ፍተሻ ማንም ሹፌር ሊያደርገው ይችላል፤ በፋኑ ሞተርና በሽቦው ላይ እንዳታፈሱ ብቻ ተጠንቀቁ። እግረ መንገዳችሁንም በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል አጮልቁ፤ ጭቃ፣ ገለባና የነፍሳት ክንፍ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

ሌላው ከመሣሪያ በፊት የሚመጣ መሣሪያ እጅ ነው። ኤሲው እየሠራ ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች ዳሱ፤ ቀጭኑ ለብ ያለ፣ ወፍራሙ ቀዝቅዞ ያላበው መሆን አለበት። ከኮምፕሬሰሩ ወደ ኮንደንሰር የሚወጣውን ግን አትጨብጡት፤ ያቃጥላል። ወፍራሙ ቱቦ በረዶ ሆኖ ከዳሽቦርዱ የሚወጣው አየር ግን ሞቃት ከሆነ ጋዙን አትንኩት። ጥፋቱ ብርዱንና የሞተሩን ሙቀት የምታቀላቅለው የውስጥ በር ላይ ነው፤ ትንሿ ሞተሯ ተበላሽታ ወይም ጥርሷ ተሰብሮ ወደ ሙቀት በኩል ቆማ ቀርታለች። በአንድ በኩል ቀዝቃዛ፣ በሌላው በኩል ሞቃት የሚነፋ መኪናም መጀመሪያ እዚያው ይታይ። ከመኪናው ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ንጹሕ ውኃ ደግሞ ብልሽት አይደለም፤ ኢቫፖሬተሩ ከአየሩ ያረገፈው እርጥበት ነው። ያ ውኃ ውጭ መውረዱን ትቶ የተሳፋሪውን ምንጣፍ ካረጠበ የማፍሰሻ ቱቦው ተደፍኗል ማለት ነው፤ የሻገተው ሽታም የሚመጣው ከዚያው እርጥበት ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተገኘ ወደ ጌጁ እንሂድ። ሞተሩ ጠፍቶ ሁለቱ መርፌዎች እኩል ሲሆኑ የሚያሳዩት ቁጥር የአየሩን ሙቀት ተከትሎ ነው፤ በ25 ዲግሪ ከ80 ፒኤስአይ ትንሽ ከፍ ይላል። 20 ወይም 30 ካሳየ መስመሩ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። 80 ስላሳየ ግን ሙሉ ነው ማለት አይደለም፤ መስመሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግማሽ የሞላውም፣ ጢም ያለውም ያንኑ ቁጥር ያሳያል። በጌጅ ብቻ ጋዝ የሚሞሉ ሰዎች ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ሞተሩ ሲሠራ በመጠነኛ ሙቀት ዝቅተኛው ከ25 እስከ 45፣ ከፍተኛው ከ150 እስከ 250 ባለው ውስጥ ይሆናል። ሁለቱም ካነሱ ጋዝ ጎድሏል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ትርፍ ጋዝ አለ፣ ወይም አየር ገብቷል፣ ወይም እንደዚያ ኮሮላ ነፋስ የለም። ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ካነሰ ኮምፕሬሰሩ መጭመቅ አቅቶታል። ዝቅተኛው ከዜሮ በታች ወርዶ ከቀረ መስመሩ ተደፍኗል። አንዳንዱ መኪና ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል አቀዝቅዞ ያቆማል፣ አጥፍተውት ሲያርፍ እንደገና ይሠራል፤ ውስጥ የቀረ እርጥበት ቫልቩ ላይ በረዶ እየሆነ ይዘጋዋል፣ በረዶው ሲቀልጥ ይከፈታል። ጋዝ ቢጨመርበት ምንም አይፈይድም። መድኃኒቱ ማድረቂያውን ቀይሮ በደንብ ቫኪዩም ማድረግ፣ ማለትም አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ ስቦ ማውጣት ነው።

ስለ ቫኪዩም ካነሳን የከፍታችን ነገር አለ። የውጭ አገር መጻሕፍት መርፌው እስከ 29 ኢንች ይውረድ ይላሉ። ያ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ራሱ ቀላል ስለሆነ እጅግ ጥሩው ፓምፕ እንኳ መርፌውን ከ22 ወይም 23 ኢንች ብዙም አያሳልፈውም። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ደኅናውን መስመር «ይተነፍሳል» ብሎ ሊፈታው ይችላል፤ ያለ ጥፋቱ ፓምፑን የሚጥልም አይጠፋም። ማየት ያለባችሁ መርፌው የት ደረሰ ብቻ ሳይሆን ፓምፑ ጠፍቶ ቫልቮቹ ሲዘጉ እዚያው ይቆማል ወይ የሚለውን ነው። ፓምፑን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሠሩት፤ መስመሩ ተከፍቶ የቆየ ከሆነ ከዚያ በላይ። አየሩ ቶሎ ይወጣል፤ ጊዜ የሚፈልገው የተደበቀው ውኃ ተኖ መውጣቱ ነው።

ጋዝ ከጎደለ ወደ ርእሴ ተመለስን፤ የት ሄደ? ጋዙ አይታይም፣ አብሮት የሚወጣው ዘይት ግን ይታያል። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት። ሌላው ቱቦ ሁሉ በደረቅ አቧራ ተሸፍኖ አንዱ መጋጠሚያ ላይ አቧራው ረጥቦ፣ ጠቁሮ፣ በጣት ሲነካ ከተጣበቀ እዚያ ነው። የኮንደንሰሩን የታችኛውን ክፍል በተለይ እዩት፤ የኮረኮንች መንገድ ጠጠር የሚመታው እሱን ነው። የኮምፕሬሰሩን ዘንግ ማኅተም፣ በየመጋጠሚያው ያሉትን የጎማ ቀለበቶች፣ የጋዝ መሙያዎቹን ትናንሽ ቫልቮች ሁሉ የሳሙና አረፋ እየቀባችሁ ጠብቁ። መክደኛቸው የጠፋባቸው መሙያዎች ብዙ ናቸው። መስመሩ ባዶ ከሆነ በደረቅ ናይትሮጅን፣ መቆጣጠሪያ ሬጉሌተር ባለው ሲሊንደር ግፊት ስጡት። ከብየዳው ጥግ ያለውን ኦክስጅን ግን በጭራሽ! ኦክስጅንና የኮምፕሬሰር ዘይት ሲገናኙ ይፈነዳሉ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ሞልቶ ማቀዝቀዝም እንዲሁ ነው። እርግጥ ነው ያቀዘቅዛል፤ ግን ለዚያ ባልተሠራ መስመር ከቤተሰባችሁ ፊት ያለውን ዳሽቦርድ በሚቀጣጠል ጋዝ መሙላት ነው። የቀዳዳ መድፈኛ ተብለው በቆርቆሮ የሚሸጡትንም አልመክርም፤ እርጥበት ሲያገኙ ረግተው ቫልቩንም የጋራዡንም መሣሪያ ይደፍናሉ። ይህን ሥራ ስትሠሩ መነጽር አድርጉ፤ ፈሳሹ ዓይን ላይ ቢረጭ ዓይንን ያበርዳል፣ ያጠፋል። ጋዙ እሳት ሲነካውም መርዝ ስለሚሆን አጠገቡ ብየዳ አይኑር።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ጋዙ በሚዛን ይግባ። ኮፈኑ ሥር ወይም ራዲያተሩ አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የጋዙ ዓይነትና ግራሙ ተጽፏል፤ ለትንንሽ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ነው። በዚህ መጠን ላይ 100 ግራም ማነስም መብለጥም ይታወቃል። የወጣውን አሮጌ ጋዝ ደግሞ በሲሊንደር መልሱት እንጂ ወደ ሰማይ አትልቀቁት። ቀድሞ በመኪኖች የነበረው አር-12 የኦዞን ሽፋንን እንደሚጎዳ ሳይንቲስቶቹ ሞሊናና ሮላንድ በ1974 እ.ኤ.አ. አሳይተው፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት ተፈርሞ ነው አር-134ኤ የተተካው። እሱ ኦዞንን ባይነካም ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1300 እጥፍ ያላነሰ ኃይል አለው። ግማሽ ኪሎ መልቀቅ ወደ 280 ሊትር ቤንዚን ከማቃጠል ጋር ይስተካከላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ አገሮች እሱንም ለመቀነስ ተስማምተዋል። አዳዲሶቹ መኪኖች አር-1234ዋይኤፍ ይዘው እየመጡ ነው፤ በመጠኑ የሚቀጣጠል ስለሆነ የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ከአሮጌው ጋር አይቀላቀልም።

ሳልናገረው የማላልፈው ስለ ኤሌትሪክ መኪኖች ነው። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኤሌትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ በየመንገዱ በዝተዋል፤ ጋራዦቻችን ግን ገና አልተዘጋጁም። እነዚህ መኪኖች ቺንጋ የሚያዞረው ኮምፕሬሰር የላቸውም። በብርቱካናማ ኬብል በመቶዎች ቮልት የሚሠራ ነው፤ ያን ኬብል ያልሠለጠነ ሰው አይንካው። ዘይቱም ይለያል። በቤንዚን መኪና የለመድነው ፓግ የሚባለው ዘይት ኤሌትሪክ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለእነሱ የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ ፒኦኢ ነው፤ በቱቦ የተረፈ ትንሽ ፓግ እንኳ ውድ ኮምፕሬሰር ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ለሁለቱ ዓይነት መኪኖች የተለያየ ቱቦና ጌጅ ይኑራችሁ። በብዙዎቹ ላይ ያው ጋዝ ባትሪውንም ጭምር ያቀዘቅዛል፤ ጋዙ ሲጎድል ተሳፋሪው ከመሞቁ ሌላ ቻርጅ ማድረጉ ሊዘገይ፣ ጉልበቱም ሊቀንስ ይችላል።

ባለቤቶች፣ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ጋራዡን ስንት ግራም ወጣ፣ ስንት ግራም ገባ፣ ቀዳዳው የት ነበር ብላችሁ ጠይቁና ደረሰኙ ላይ አስጽፉት። ባለሙያዎች ደግሞ ሳትጠየቁ ጻፉት። አሁን ወደ ግቢው እንውጣ፤ ጌጅ የተገጠመለት መኪና አለ፣ ጥያቄዎቻችሁን መርፌውን እያየን እንነጋገርባቸዋለን።